ኮምፒዩተሩ ሲቃጠል የሚጠፋው የማን ማስረጃ ነው?

የታክስ ወቅት በደረሰ ቁጥር ወደ ቢሮዬ ከሚመጡት ወገኖች መካከል ጥቂቶቹ በየዓመቱ የሚያቀርቡት አንድ ምክንያት አለ። ይኸውም «ኮምፒዩተሬ ተቃጥሎብኛል» የሚል ነው። አብዛኞቹ እውነታቸውን እንደሆነ አልጠራጠርም። ዳሩ ግን የእኔ ማመን ምንም አይፈይድም፤ ማመን ያለበት አይ አር ኤስ ነውና።

አይ አር ኤስ ደግሞ የእርስዎን ገቢ ለማወቅ የእርስዎ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። ሱቅዎ ወይም ታክሲዎ በካርድ የተቀበለውን ሒሳብ፣ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት በ1099-ኬ ቅጽ አስቀድሞ አሳውቆታል። ወጪዎን ግን በዝርዝር የሚያውቀው ከእርስዎ በቀር ማንም የለም። ለጅምላ ነጋዴው የከፈሉት፣ ለጎማ፣ ለዘይት፣ ለኢንሹራንስ ያወጡት፣ የነዱት ማይል፣ ሁሉም ያለው ሳሎን ጥግ በተቀመጠችው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በድንገት ጨምሮ ዲስኩ ሲሞት የሚጠፋው ለእርስዎ የሚመሰክረው የሒሳቡ ግማሽ ነው። በእርስዎ ላይ የሚመሰክረው ግማሽ መንግሥት እጅ በደኅና ተቀምጧል። እኔ በበኩሌ ስለ ኮምፒዩተር ብልሽት በዚህ ዓምድ የማነሣው በዚህ ምክንያት እንጂ መካኒክ ሆኜ አይደለም።

ጉዳዩ የስንት ብር ነው ለሚል አንባቢ አንድ ስሌት ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2025 አይ አር ኤስ ለሥራ ለተነዳ አንድ ማይል የሚፈቅደው ተቀናሽ 70 ሳንቲም ነበር። በዚያ ዓመት 40,000 ማይል ለሥራ የነዳ ባለታክሲ ከገቢው ላይ 28,000 ዶላር ይቀነስለታል ማለት ነው። ይህን ለማስቀነስ ግን ቀኑን፣ የተነዳውን ማይልና የሥራውን ምክንያት የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። የአንድ ኮምፒዩተር ዋጋ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ምን ያህል ነው?

«ታዲያ ግምት አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። እ.ኤ.አ. በ1930 ኮሃን የተባለ የብሮድዌይ የቲያትር ሰው ወጪውን በደረሰኝ ማስረዳት ሳይችል ቀርቶ ፍርድ ቤት በግምት እንዲቀነስለት ፈቅዶ ነበር። ሆኖም ያው ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ባለመያዙ ጥፋተኛው ራሱ ግብር ከፋዩ በመሆኑ ግምቱ ወደ ዝቅተኛው ቢያጋድል ቅር ሊለው እንደማይገባ አስገንዝቧል። ለጉዞና ለመኪና ወጪ ደግሞ በኋላ የወጣው ሕግ ይህን በር በእጅጉ አጥብቦታል። በእሳት፣ በጎርፍ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ወይም በመሳሰለው አደጋ መዝገቡ የጠፋበት ሰው መልሶ እንዲያሰናዳ ደንቡ ይፈቅድለታል። ልብ ይበሉ፣ የሚለው «መልሰህ አሰናዳ» ነው እንጂ «ተወው» አይደለም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። አዲስ አበባ ሳለን መብራት ሲሄድ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ከሶኬት መንቀል የማያውቅ ሰው አልነበረም። መብራቱ ሲመለስ በኃይል እንደሚመጣ ሕፃናት እንኳ ያውቁ ነበር፤ አቅም ያለውም ስታቢላይዘር ይገዛ ነበር። እዚህ ከመጣን በኋላ ግን መብራት እንደዚያ አይሄድምና ያንን ጥንቃቄ ረሳነው። እዚህም ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ያለፈው የነፋስና የመብረቅ ማዕበል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን ያለ መብራት አስቀርቷል፤ አንዳንዱ ሠፈር ለቀናት ጨለማ ውስጥ ነበር።

መብረቅ ብቻም አይደለም። ባለሱቆች ሆይ፣ የለስላሳና የወተት ማቀዝቀዣው ሞተር ተነሥቶ በጠፋ ቁጥር በዚያው መስመር ላይ ትንንሽ ምት ይልካል። አንዱ ምት ኮምፒዩተሩን አይገድለው ይሆናል፤ ሲደጋገም ግን ያደክመዋል። ኮምፒዩተሩንና የሒሳብ ማሽኑን ከማቀዝቀዣው ጋር አንድ ሶኬት ላይ የሰካ ሰው ዛሬውኑ ይለያቸው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በብዙ ሱቅ የማየው ስሕተት አለ። በጥቂት ዶላር የተገዛችው ባለስድስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ሰርጅ ፕሮቴክተር ትመስላለች። አይደለችም፤ ማከፋፈያ ብቻ ናት። እውነተኛው ሰርጅ ፕሮቴክተር ዩ ኤል 1449 የሚል ምልክትና በጁል የተጻፈ የመከላከል አቅም በማሸጊያው ላይ ይታያል። እሱም ቢሆን ዘለዓለም አይኖርም። በውስጡ ያለው መከላከያ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እያለቀ ይሄዳል፤ ካለቀ በኋላም ኤሌክትሪክ ማስተላለፉን አያቆምም። ስለዚህ መከላከያው መሥራቱን የምታሳየው ትንሿ መብራት ከጠፋች ይለውጡት። በአሮጌ ቤት የምትኖሩ ደግሞ ሦስተኛውን የሶኬት እግር ሰብራችሁ ባለሁለት ቀዳዳ ላይ አትሰኩ፤ ያ እግር ወደ መሬት የሚወስደው መስመር ነው፣ ያለሱ መከላከያው በሚገባ አይሠራም። ምቱ በኢንተርኔቱ ገመድ በኩልም ይገባል። ቤቱን በቀጥታ የመታ መብረቅን የሚያቆም ማከፋፈያ ስለሌለ፣ ነጎድጓድ ሲቀርብ ሁለቱንም ገመድ እንደ አዲስ አበባው መንቀል ነው። ዩ ፒ ኤስ መግዛት የሚችል ይግዛ፤ መብራት ሲሄድ የጀመሩትን ሒሳብ አስቀምጦ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። ባትሪው ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ መለወጡ አይቀርም።

ኮምፒዩተሩ አልነሣ ቢልስ? በቅድሚያ አይደናገጡ፣ ለጎረቤት ልጅም ቶሎ አይስጡ። «ፎርማት ላድርግልህ ጋሼ» የሚል ጎበዝ ልጅ በየቤቱ አለ፤ ኮምፒዩተሩን ያስነሣል፣ መዝገብዎን ግን ያጠፋል። ከኤሌክትሪክ ምት በኋላ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ፓወር ሰፕላዩ፣ በላፕቶፕም ቻርጀሩ ነው፤ ዲስኩ ደኅና ሊሆን ይችላል። ወደ ባለሙያ ሲሄዱ «ኮምፒዩተሩን ሥራልኝ» ሳይሆን «በመጀመሪያ በዲስኩ ላይ ያለውን ቅዳልኝ» ይበሉ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያብሳል፤ አጥፍተው ይተዉት። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ማንም በቤቱ አይክፈት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

አንድ አዲስ ወጥመድም አለ። በአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ዊንዶውስ 11 ዲስኩን እርስዎ ሳያዙት በቁልፍ ሊቆልፈው ይችላል። ዲስኩ ደኅና ሆኖ ቢወጣ እንኳ ባለ48 አኃዙ ቁልፍ ከሌለ አይነበብም። ብዙውን ጊዜ ቁልፉ የሚገኘው ኮምፒዩተሩ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው ኮሌጅ የሄደው ልጅዎ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ደውለው ቁልፉን በወረቀት ያስገልብጡ።

ቅጂን በሚመለከት፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ሁለተኛ ዲስክ አብሮ ይቃጠላልና ቅጂ አልለውም። በሳምንት አንድ ቀን ቀድቶ መንቀል፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ከቤት ውጭ ወይም በኢንተርኔት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ደረሰኝን በምስል አድርጎ መያዝ እንደሚቻል አይ አር ኤስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው መመሪያ ፈቅዷል፤ በግልጽ የሚነበብና ሲፈለግ የሚገኝ ይሁን እንጂ። የነዳጅ ማደያ ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ መኪና ውስጥ ይደበዝዛልና በዚያው ቀን ፎቶ ቢነሣ ይሻላል። መዝገቡን በአብዛኛው ቢያንስ 3 ዓመት፣ የሠራተኛ ደመወዝን 4 ዓመት ይያዙ፤ ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ግን እስከ 6 ዓመት ሊጠየቅ ይችላል።

ቤተሰብ ለማምጣት አይ-864 የምትሞሉ ወገኖች «ሪተርኔ ከኮምፒዩተሩ ጋር ጠፋ» ብላችሁ አትጨነቁ። የገባ ሪተርን ትራንስክሪፕት ከአይ አር ኤስ በነፃ ይገኛል። የማይገኘው ደረሰኙ ነው። እሱን መልሶ ለማሰናዳት የባንክ ስቴትመንት፣ የጅምላ ነጋዴው የኢንቮይስ ቅጂ፣ ጋራዡና የመኪና ምርመራው የመዘገቡት የኦዶሜትር ቁጥር ይረዳል። ሥራውን ጥፋቱ በደረሰበት ሳምንት ይጀምሩ፤ በኢንተርኔት የሚታየው የባንክ መዝገብ ለዘለቄታው አይቆይም።

የሞተውን ኮምፒዩተር ግን ዲስኩን ሳያወጡ ከቆሻሻው ጋር አይጣሉት። በውስጡ የሠራተኞችዎ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የአይ-9 ቅጽ ቅጂ ሊኖር ይችላል፤ ዲስኩ ለእርስዎ አልነበብ ቢልም ለሚያውቅበት ሰው ሊነበብለት ይችላል።