መተግበሪያው አለ፣ ጽሑፉ የለም
ከወልድያ ወረታ የሚዘረጋው መንገድ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል፤ ኢንተርኔቱ ግን እንደ መንገዱ አይታመንም፤ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲዘጋ አይተናል። ስለዚህ በትምህርት ቴክኖሎጂ በነጻ ላገልግል የሚል ወጣት «አዲስ መተግበሪያ ካልሠራሁ» ማለቱን ይተው። ኪዊክስ የተባለው ነጻ መተግበሪያ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የጎደለው ጽሑፉ ነው፦ እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ሲኖረው አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ብቻ። የ1967ቱ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎች ፊደል ሊያስተምሩ ገጠር ወርደው ነበር (ስንቱ ወዶ እንደዘመተ ሌላ ጨዋታ ነው)። የዛሬው ጀማሪ ደግሞ አንድ የ6ኛ ክፍል የሳይንስ ርዕስ ይምረጥ፤ ጽፎ በመምህር ያሳርም፤ ከዚያ አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ይጫነው። የበጎ ፈቃድ ሰርተፊኬቱ ይቆየው።