ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

እኛ ሰው ሲሞት ምን ማድረግ እንዳለብን አሳምረን እናውቃለን። ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ የቀረ ይቀጣል። በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ይህን ሥርዓት ለማስተማር ሰሚናር መጥራት አያስፈልግም። ነገር ግን ያው ሰው ከመሞቱ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ደሙ እየፈሰሰ ወይም ትንፋሹ ታንቆ ሳለ፣ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቅ ከመንደሩ ስንት ይገኛል? ለሞት እንዲህ የተደራጀ ሕዝብ ለሕይወት ሳይሰናዳ የቀረው ለምንድን ነው?

አናውቅም ብለን ዝም ብንል እንኳ ጉዳቱ በቀነሰ ነበር። ችግሩ የማናውቀውን በድፍረት ማድረጋችን ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ሥር ይደቅናል፣ ሌላው በጥርሶቹ መሐል ማንኪያ ይሰካል፣ የቀረው ከቦ አየር ያሳጣዋል። መደረግ ያለበት ግን ቀላል ነው፤ የሚጎዳውን ነገር ከአካባቢው ማራቅ፣ ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈም ወደ ሐኪም ማድረስ። ሕፃን በፈላ ውሃ ሲቃጠል የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና ሊጥ ፍለጋ እንሯሯጣለን፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ ግን ማንም ትዝ አይለውም። ለተቆረጠ እጅ የቡና ዱቄት እንነሰንሳለን፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ደሙ እስኪቆም አጥብቆ መጫን እያለ። ነስር ለያዘው ቀና በል እንላለን፤ ጎንበስ ብሎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል መያዝ ሲገባው። ቁርጥ ቤት ሥጋ ለተናነቀው ሰው ውሃ እናቀብላለን፤ ወደፊት አጎንብሶ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ መምታት፣ ያ ካልሠራ ከኋላ አቅፎ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ መጫን እያለ።

የአዊን ምድር ለሚያውቅ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። የጎረቤቷ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ደግሞ ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር እየተከለ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ እየቆረጠ፣ ከሰል አክስሎ እስከ አዲስ አበባ ሲጭን የኖረ ነው። ብርድና ከሰል በአንድ አገር ሲገናኙ ምን ይሆናል? ምድጃው ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ በሩና መስኮቱ ይደፈናል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ አሳምሞ፣ አቅለሽልሾ፣ አስተኝቶ ይገድላል። መላው አስቀድሞ ምድጃውን ውጭ ማሳደር ነው፤ ከሆነ በኋላ ደግሞ በሩን በርግዶ የታፈነውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ማድረስ። ይህን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል?

በዳንግላና በእንጅባራ በኩል የሚያልፈውን የባሕር ዳር አውራ ጎዳና ደግሞ እንመልከት። መኪና ሲገለበጥ ደግ ሰው አይጠፋም፤ እንዲያውም ይተራመሳል። አንዱ እጅ፣ አንዱ እግር ይዞ ቁስለኛውን እንደ ጆንያ ወደ ፒክአፑ ይወረውረዋል። አንገቱ ወይም አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ፣ አደጋው ያልጨረሰውን ደግነታችን ይጨርሰዋል። በወንጌል የምንሰማው ደጉ ሳምራዊ እንኳ ቅደም ተከተል ያውቅ ነበር። አስቀድሞ ቁስሉን አሰረ፣ ቀጥሎ በአህያው ጫነ፣ ከዚያ ወደ ማደሪያው ወሰደ። እኛ ከሳምራዊው የተማርነው መጫኑን ብቻ ነው።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሐኪም ይምጣ» የሚሉ ወገኖች አሉ። መልካም፣ ይምጣ! ግን ልቡ ለቆመ ሰው አንጎል አየር ሳያገኝ ከአራት አምስት ደቂቃ በላይ ሳይጎዳ አይቆይም። በእነዚያ ደቂቃዎች አጠገቡ ያለው ጎረቤት፣ ሚስት፣ የባጃጅ ሾፌር ነው። ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቆ መጫን የሚችለውም እሱው ነው። አዲስ አበቤ ቢያንስ 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ በደረሰው የአማራ ክልል ግጭት፣ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ያየ ሰው ግን «ሐኪም ይምጣ» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

«ብነካው ፖሊስ እኔን ይይዛል» የሚሉም አሉ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። ሆኖም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 የሚለው ሌላ ነው። በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ፣ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ሳይረዳ የተወ ይቀጣል። ሕጉ እርዳ ይላል፤ እንዴት እንደሚረዳ ዜጋውን ያስተማረው ግን ማን ነው?

ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው መልስ ነው፤ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው። ይህ ቃል ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ሲሆን የከበረ ነው። ለድንቁርና መሸፈኛ ሲሆን ግን ነውር ነው። ደሙ ፈስሶ ያለቀው ቀኑ ስለደረሰ ሳይሆን፣ ከሃያ ቆሞ ተመልካች አንዱ ነጠላውን አጣጥፎ ቁስሉን ስላልተጫነለት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አዲስ ድርጅት መፍጠር አያሻም፤ ያሉት ይበቃሉ። በ1927 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር ሊወረን ባሰፈሰፈበት ወቅት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የመጀመሪያ እርዳታ ማስተማር ሥራው ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው በዓሉ ሺህ ፈረሰኛ ያሰልፋል፤ ከፈረስ የወደቀን ሰው አንገቱን ሳያጣምም የሚያነሣ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ቢያሠለጥን ለፈረሱም ለጋላቢውም ክብር ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ትምህርት ቤቶችና የባጃጅ ማኅበራት አሉ። ትምህርቱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአገውኛ ይሰጥ፤ በጭንቅ ሰዓት ሰው የሚያስበው በእናቱ ቋንቋ ነውና።

እድሮቻችንም ከድንኳንና ከድስት ጎን አንድ ሣጥን ያኑሩ፤ ንጹሕ ፋሻ፣ ጓንት፣ መቀስ። በየዓመቱም ከአባሎቻቸው ጥቂቶቹን ያሠልጥኑ። ወጪው የአንድ ድንኳን ሩብ አይሞላም። ለቀብር ያልመጣን የሚቀጣ እድር፣ ሰው እንዳይሞት ለመማር ያልመጣንስ ለምን አይቀጣም?