የሽፍታው ልብ ወለድ ጋምቤላ ላይ ሲነበብ

ካሣ ኃይሉ ባይነግሥ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሡት ምናልባት የቋራ ሽማግሌዎች ብቻ በሆኑ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ስለደፋ ግን የሽፍትነት ዘመኑም አብሮት ከበረ። መቶ ዓመት አልፎ ስለ እሱ ብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር»፣ አቤ ጉበኛም «አንድ ለእናቱ» የተባሉ ልብ ወለዶችን ጻፉ። አንባቢም በእነዚህ መጻሕፍት ምክንያት ይኸው እስከ ዛሬ ይከራከራል።

ክርክሩ ግን እንደየአገሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ጊዜ የምሰማው «ይህ በእርግጥ ተፈጽሟል? ደራሲው ከየት አመጣው?» የሚለውን ነው። ጋምቤላ ላይ የሰማሁት ሌላ ነው።

ባሮ ድልድይ አካባቢ ካለ ሻይ ቤት፣ የጎንደር ተወላጅ የሆኑ ጡረተኛ መምህር የካሣን ታሪክ እያወጉ ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ በካሣ ላይ «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ፎክሮ እንደዘመተ፣ ተማርኮም ኮሶውን ራሱ እንደተጋተ ሲተርኩ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጠሉና ካሣ ከባላባት ከብት ሲነዳ፣ ከዘረፈው ላይ ለቋራ ገበሬ ለእርሻው እንዲሆነው ሲያካፍል ነገሩን። ከጥግ የተቀመጠ አንድ የኑዌር ወጣት አቋረጣቸው።

«መምህር፣ ያ የተነዳው ከብት የማን ነበር?»

«የባላባቱ ነዋ፣ ልጄ!»

«የሚጠብቀውስ ባላባቱ ራሱ ነበር?»

መምህሩ ሻያቸውን አማሰሉ እንጂ መልስ አልሰጡም። ወጣቱ ይህን የጠየቀው ነገር ለማጣመም አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ የመጡ ታጣቂዎች የኑዌር ዞን መንደሮችን ወርረው ከ200 በላይ ሰው ገድለዋል፤ ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደዋል፤ ከ2,000 በላይ ከብት ነድተዋል። ያን ያየ አገር «ከብት ነዳ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ጀብዱ ሊያነበው አይችልም። መጀመሪያ የሚታየው እረኛው ነው።

መምህሩም ቢሆኑ አልተሳሳቱም። በዘመነ መሳፍንት ገበሬው ለአንዱ ገብሮ ሳይጨርስ ሌላው ጦር ይሰፍርበት ነበር። ዳኛ በሌለበት ዘመን በደል የደረሰበት ሰው ጫካ ቢገባ፣ ሕዝቡም ስንቅ ቢያቀብለው ምን ይገርማል? ያው ካሣ ግን ቴዎድሮስ ተብሎ ከነገሠ በኋላ፣ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፎ አቃጥሏል። ለድኻ ያካፈለውም፣ የድኻውን ቤት ያቃጠለውም አንድ ሰው ነው። አንዱን አንሥቶ ሌላውን የሚሸሽግ ልብ ወለድ ቀረርቶ ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ የእኔ መለኪያ የተዘረፈው ሰው ነው። ስም አለው? ይናገራል? ወይስ ሽፍታው ፈረሱን አስግሮ እንዲያልፍ ብቻ የቆመ ነው? ዘመንና ቦታ ማዛነፉን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ፤ ልብ ወለድ ነውና እታገሠዋለሁ። ተበዳዩን ሰው አለማድረግን ግን አልታገሥም።

ይህ ሁሉ ከጋምቤላ የራቀ እንዳይመስለን። አቤ ጉበኛ ራሱ «አልወለድም» በተባለው መጽሐፉ ምክንያት ወደ ጎሬ ተግዟል። ጎሬ ያን ጊዜ ጋምቤላን የሚያጠቃልለው የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ከተማ ነበረች። ከዚያም በላይ ጋምቤላ የራሷ ባለታሪክ አላት፤ አኩዌይ ዋ ቻም። የአኝዋክ መኳንንት ወገን ነው። የዝሆን ጥርስ በጠብመንጃ በሚለወጥበት ዘመን ኃይሉን አደራጀ፤ ድንበር ተሻግሮም የኑዌርን መንደሮች ወረረ። በ1904 ዓ.ም. በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራ ጦር ከሱዳን ሊቀጣው መጣ፤ መኮንኖችን ሳይቀር ብዙ ሰው አጥቶ ተመለሰ።

ለእንግሊዞቹ ወንበዴ ነበር። ለአኝዋክ ልጅ ቅኝ ገዢን የመከተ ጀግና ነው። ከብቱ ለተነዳበት የኑዌር ቤተሰብ ደግሞ ሌላ ነው። ሦስቱም እይታ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ቢገናኝ ምን ዓይነት ልብ ወለድ ይወጣው ነበር! አኝዋኩና ኑዌሩ አንድ ክፍል በሚማሩባት ከተማ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም። ያስነሣ። በመጽሐፍ ላይ የሚደረግ ክርክር ደም አያፈስም።

የጋምቤላ ወጣት ጸሐፊዎች ሆይ፣ አዛውንቶቹ ሳያልፉ ጠይቁ፤ የሁለቱንም ወገን አዛውንቶች ጠይቁ። በአማርኛም ሆነ በየቋንቋችሁ ጻፉት። እናንተ ካልጻፋችሁት አኩዌይ ሊቀጡት የመጡት መኮንኖች ባስቀሩት ሪፖርት ብቻ ይታወቃል።