የተውሶ ባሕር

በዲፓርትመንታችን የሲኒየር ፕሮጀክት ዲፌንስ ላይ ድምፅ በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር ያሰሉ ሥራዎች ሲቀርቡ፣ ሁሉን የሚማርከው ሥዕሉ ነው። ባለቀለም መስመሮች እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ጥያቄ ሲነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም፦ ይሄ ውሃ የየትኛው ባሕር ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤልሆፕ የተባለው ነጻ ፕሮግራም የድምፅን ጨረር ይከተላል። ጨረሩ የሚታጠፈው የድምፅ ፍጥነት ወደሚያንስበት ውሃ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ በየጥልቀቱ ስንት እንደሆነ አስቀድመን ልንነግረው ይገባል። ከፕሮግራሙ ጋር ከሚመጡት ምሳሌዎች አንዱ ዋልተር ሙንክ በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል ነው፤ በዚያ ፍጥነቱ 1300 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሁሉ ዝቅ ብሎ በሰከንድ 1500 ሜትር ይሆናል። ለክፍት ውቅያኖስ ግሩም ነው። ፋይሉን እንዳለ ወስዶ ርዕሱ ላይ «ቀይ ባሕር» ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቀይ ባሕር እኮ እንደዚያ አይደለም። በደቡብ በኩል፣ ሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ፣ ወለሉ ከፍ ብሎ እንደ ደፍ ስለሚቆም ጥልቀቱ እዚያ ወደ 140 ሜትር ብቻ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ ይህን ደፍ አያልፍም። በዚህም የተነሳ ከ300 ሜትር ገደማ በታች ሙቀቱ ሳይለወጥ 21.7 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል (ወለሉ ላይ ያሉትን የፍል ጨው ጉድጓዶች ትተን)። ሙቀቱ ካልቀነሰ ሥራው የግፊት ብቻ ነው፤ ግፊት ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ፍጥነቱን በሰከንድ 16 ወይም 17 ሜትር ይጨምራል። 1300 ሜትር ላይ ሲሰላ 1550ን ያልፋል። እንግዲህ በሙንክ ሞዴል 1300 ዙሪያ ሲወዛወዝ የሚቀረው ጨረር፣ እዚህ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሥዕሉ በሙሉ ሌላ ሆነ ማለት ነው!

«መርከብ የለን፣ ባሕር የለን» የሚል መልስ እሰማለሁ። አልቀበለውም። የዓለም ውቅያኖስ አትላስ የሙቀቱንም የጨውነቱንም መረጃ በነጻ ይሰጣል። የማኬንዚ የ1981 ቀመር ዘጠኝ ተርም ብቻ ነው፤ ኤክሴል ላይ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚያልቅ ሥራ ነው። (ቀመሩ የተዘጋጀው ጨውነቱ በሺህ ከ25 እስከ 40 ለሆነ ውሃ ነው፤ የቀይ ባሕር ጥልቅ ውሃ 40.5 ገደማ ነው። ይህንን የሚጠይቅ ፈታኝ ቢገኝ ደስ ይለኛል።)

እኔ የምለው፣ የዲፌንሱ የመጀመሪያ ስላይድ የፍጥነትና የጥልቀት ግራፍ ይሁን፤ መረጃው ከየት እንደመጣም ይጻፍበት። አድቫይዘሮቻችንም ነጥብ ይያዙበት። በሙንክ ሞዴል የሠራ ተማሪ ርዕሱን «ክፍት ውቅያኖስ» ቢለው ምንም አይጎድልበትም።