ቆዳና ቡና የገዙት ግንብ



ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። በዌልስ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ብሪስቶል ቻናልን ቁልቁል የሚያይ ሴንት ዶናትስ የሚባል ጥንታዊ ግንብ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስሙ አትላንቲክ ኮሌጅ ነው። ኮሌጅ ይባል እንጂ የሚያስተምረው ከ16 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ልጆችን፣ እኛ መሰናዶ ስንለው የኖርነውን የሁለት ዓመት ትምህርት ነው። ስሙን ሰምተውት ከሆነ የሰሙት በልዕልቶቹ ሳይሆን አይቀርም፤ የቤልጂየሟ ኤልሳቤት፣ የስፔኗ ሌኦኖርና የኔዘርላንድሷ አሌክሲያ በቅርብ ዓመታት እዚያ ተምረው ወጥተዋል። የእንግሊዝ ጋዜጦች በሃሪ ፖተር ልብ ወለድ ካለው የአስማት ትምህርት ቤት ጋር እያመሳሰሉ በፌዝ «የሂፒዎች ሆግዋርትስ» ይሉታል።

እኔ የምነግርዎ ግን ስለ ልዕልቶቹ አይደለም። ይህን ግንብ ትምህርት ቤት ያደረገው ገንዘብ በከፊል በእኛ ገበያዎች በኩል ያለፈ ነው። ታሪኩ ሲተረክ ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ ይዘለላል፤ የጻፍኩልዎም ለዚሁ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ይያዙልኝ።

ግንቡ የተጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ስትራድሊንግ የሚባሉ ባላባቶች በጋብቻ አግኝተውት ከ400 ዓመት በላይ ሲወርሱ ሲዋረሱት ኖሩ። የመጨረሻው ወራሽ ቶማስ በ1738 ፈረንሳይ አገር ሞንፔልዬ ከተማ ሰው ለሰው ግጥሚያ ገጥሞ ተገደለ፤ ዘሩም በዚያው ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የርስት ክርክር፣ የፈረሰ ጣሪያ፣ እንደገና እድሳት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አንድ የድንጋይ ከሰል ባለጸጋ ገዝቶ አሳመረው። የባላባት ቤት ታሪክ ከአገር አገር ብዙ ስለማይለያይ እዚህ ላይ አላቆይዎትም።

ሊቆዩበት የሚገባው ሰው ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ነው። አሜሪካዊው የጋዜጣ ቱጃር ካሊፎርኒያ ውስጥ ግንብ የሚያህል ቤት እየሠራ ሳለ እውነተኛ ግንብ አማረው፤ በ1925 ሴንት ዶናትስን በአካል ሳያየው ገዛው። ዓይኑን የጣለበትም በ1928 ነው። ከገዛው በኋላ ግን አላረፈም። ኤሌክትሪክ አስገባ፣ በዚያ ዘመን ለአንድ ግንብ ቀርቶ ለአንድ ሆቴል የሚበቃ መታጠቢያ ቤት አሠራ፣ የመዋኛ ገንዳም አስቆፈረ። አዳራሹ ሲጠብበት ዊልትሻየር ውስጥ ያለውን ብራደንስቶክ የተባለ የመካከለኛው ዘመን ገዳም ገዛና ሕንጻውን አስፈርሶ ጣሪያውን ወደ ዌልስ አስጫነ። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ጮኹ፣ ነገሩ ፓርላማ ደረሰ፤ ኸርስት ግን ሥራውን አላቋረጠም። ዛሬ ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ትልቁ አዳራሽ «ብራደንስቶክ» የሚባለው ከዚያ ተነቅሎ ስለመጣ ነው። አንድ ገዳም አፍርሶ ሌላ ቦታ ማቆም ቅርስ ማዳን ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። የገዳም ጣሪያ ያለ ገዳሙ ጌጥ እንጂ ሌላ አይደለም።

ያን ሁሉ ወጪ ያወጣበትን ግንብ ኸርስት የኖረበት እንግዳ ሲጋብዝ ብቻ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ያሳለፈው ጊዜ ቢደመር ጥቂት ወራት ቢሆን ነው። ቻርሊ ቻፕሊን ከእንግዶቹ አንዱ ነበር። በ1937 ዕዳ አንገቱ ላይ ሲደርስ ግንቡ ለሽያጭ ቀረበ፤ ገዢ ግን ጠፋ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የእንግሊዝ ጦር ያዘው። ኸርስት በ1951 ሲሞት ግንቡ ገና አልተሸጠም ነበር።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብቻ የሚሆን አንድ ቁም ነገር ልጨምር። ሙሶሊኒ በኸርስት ጋዜጦች ላይ በክፍያ ይጽፍ ነበር። በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ደግሞ የዚያው ኸርስት የዜና ወኪል ኒከርቦከር የተባለውን ስመ ጥር ዘጋቢውን ወደ አዲስ አበባ ላከ። ሙሶሊኒ ሲጽፍም ሲወርም ለጋዜጣው ገበያ ነበር። የግንቡ ጣሪያና መታጠቢያ ቤት የተሠራው በእንዲህ ያለ የጋዜጣ ገቢ መሆኑን እያወቁ ወደሚቀጥለው ባለቤት ይለፉ።

የትምህርት ቤቱ ሐሳብ የመጣው ከኩርት ሃን ነው። ሃን በ1886 በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ጀርመናዊ አስተማሪ ነው። በ1920 ከባደኑ ልዑል ማክስ ጋር ሆኖ ሳሌም የተባለውን አዳሪ ትምህርት ቤት መሠረተ፤ የሚገርመው፣ እሱም ቀድሞ ገዳም፣ ኋላም የመሳፍንት መኖሪያ በሆነ ሕንጻ ውስጥ ነው የተከፈተው። በ1932 የናዚ ነፍሰ ገዳዮች አንድ ሰው በእናቱ ፊት ገድለው ሂትለር በአደባባይ ሲደግፋቸው፣ ሃን ለቀድሞ ተማሪዎቹ ደብዳቤ ላከ፤ ከሂትለር ወይም ከሳሌም አንዱን እንዲመርጡ። በዓመቱ ታሰረ፤ የእንግሊዝ ወዳጆቹ ባይማልዱለት ኖሮ ከእስር መውጣቱ ያጠራጥራል። እንግሊዝ ተሰዶ በ1934 ስኮትላንድ ውስጥ ጎርደንስተን ትምህርት ቤትን ከፈተ።

በ1955 ፓሪስ በሚገኘው የኔቶ የመከላከያ ኮሌጅ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ሄደ። እዚያ ያየው ነገር ከአእምሮው አልጠፋ አለ፦ ከአሥር ዓመት በፊት እርስ በርስ ይታኮሱ የነበሩ መኮንኖች በአንድ ማዕድ እየበሉ በአንድ ክፍል ይማራሉ። መኮንኖች ይህን ከቻሉ ልጆችማ እንዴት አይችሉም? አሳቡ ገና ያልከረሩትን፣ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ከየአገሩ ሰብስቦ ሁለት ዓመት አብሮ ማኖር ሆነ። የአየር ማርሻል ሎረንስ ዳርቫል ዓላማውን ተቀብሎ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። የጎደለው ቤት ነበር።

ቤቱን የሰጠው አንቶኒን ቤስ የተባለ ሰው ነው። በ1960 ሴንት ዶናትስን ገዝቶ ለትምህርት ቤቱ አበረከተ። የሰውየው ስም ከአባቱ ስም ጋር አንድ ነው፤ ልጅና አባት ሁለቱም አንቶኒን ቤስ ይባላሉ፤ የእኛ ታሪክ የሚጀምረው ከአባትየው ነው።

አባትየው በ1877 ካርካሶን፣ ደቡብ ፈረንሳይ ተወለደ። በ1899 የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ የየመን ወደብ ወደሆነችው ኤደን ወረደ። የባርዴን ስም ሐረር ሄዶ የራምቦን ቤት የጎበኘ ሰው ያውቀዋል፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ በ1880 ሐረር የገባው የዚሁ የባርዴ ሠራተኛ ሆኖ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር። ራምቦ ከዚህ ንግድ ሕመም እንጂ ሀብት አላተረፈም። ራምቦ ሐረር ከገባ ከ19 ዓመት በኋላ ያው ቤት የቀጠረው ቤስ ግን ብዙም ሳይቆይ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ የቀይ ባሕር ትልቁ ነጋዴ ሆነ። ቡና፣ ቆዳና ሌጦ፣ ዕጣን ይነግዳል፤ መርከብ አለው፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሼል ነዳጅ ወኪል ነው። አዲስ አበባ ላይ የነበረው ቅርንጫፉ ትልቅ ነበር፤ በዘመኑ ከነበሩ ነጋዴዎች ቤስን የማያውቅ አልነበረም። የአጼ ኃይለ ሥላሴን የ1930 ዘውድ በዓል ሊዘግብ የመጣው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በመልሱ ኤደን ላይ አግኝቶት፣ ስሙን ቀይሮ በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ እንደ ጉድ አስገብቶታል።

የቤስ ሀብት በሙሉ ከኢትዮጵያ ወጣ አልልም፤ ነዳጁም መርከቡም የራሳቸው ገቢ ነበራቸው። ግን ቆዳና ሌጦው ከየት ይመጣ እንደነበር ማንም ያውቃል። ለፋሲካ የታረደው በግ፣ ለሠርግ የተጣለው በሬ፣ ቆዳው ከደጅ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሲራራ ነጋዴ ወይም ወደ ባቡር፣ ከባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ኤደን ይሄዳል። በጥላ ተወጥሮ የደረቀ ሌጦ ዋጋው ከፍ ይላል፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ያጠበሰው ይረክሳል። ይህን የሚለዩ፣ ጨው የሚነሰንሱ፣ የሚያስሩና የሚጭኑ እጆች ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ስም በአንድም የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አልተጻፈም።

አባትየው ቤስ ለትምህርት የሰጠው እጅግ ብዙ ነው። በ1948 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ሊሰጥ ቃል ገባ፤ በ1950 ሴንት አንቶኒስ ኮሌጅ ተከፈተ። ስሙ ከለጋሹ ስም ጋር እንዲስማማ ቢመረጥም የትኛው ቅዱስ አንቶኒ እንደሆነ ለዓመታት አልተቆረጠም ነበር፤ ኋላ በ1961 የግብጹ ይሁን ተባለ፤ የእኛው አባ እንጦንስ ማለት ነው። ከኤደን የቆዳ ንግድ በተገኘ ገንዘብ የተሠራ ኮሌጅ በመጨረሻ የበረሃው አባት ስም ሲደርሰው መሳቅ ይገባል።

ልጁ ግንቡን ባበረከተ በዓመቱ፣ በ1961፣ አጼ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ እዚያው ሳሎን ውስጥ መኳንንቱ ተረሽነው ነበር። ሁለቱም ሕንጻዎች ወደ ተማሪዎች የገቡት ባለቤቶቻቸው ሊኖሩባቸው ያልቻሉ ወይም ያልፈለጉ ጊዜ ነው። ልግስናውን ላለማሳነስ እየተጠነቀቅኩ ነው ይህን የምለው።

አትላንቲክ ኮሌጅ በመስከረም 1962 በ56 ወንዶች ልጆች ተከፈተ። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር ዴስመንድ ሆር ጡረታ የወጣ የባሕር ኃይል አድሚራልና መሐንዲስ ነበር። ከሃን የወረሰው ደንብ ተማሪ ሁሉ ሌላውን የሚያገለግልበት ሥራ ይኑረው የሚል ነው፤ ብሪስቶል ቻናል ደግሞ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ከዓለም እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ስለሆነ ሥራው ደጃቸው ላይ ይጠብቃቸዋል። ከ1963 እስከ 2013 እዚያው ግንቡ ሥር የብሔራዊ ሕይወት አድን ጀልባ ጣቢያ ነበር፤ በባሕር የሚሰጥሙትን ለማዳን የሚወጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ ለዓለም ያበረከተው ትልቁ ነገርም ከዚሁ ሥራ ወጣ። በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበሯቸው፤ ጠጠሩ ዳርቻ የጨርቅ ወለላቸውን ይበላዋል፣ ማዕበል ላይም ይታጠፋሉ። አድሚራሉና ተማሪዎቹ ከሥር ጠንካራ የእንጨት ቀፎ እየለጠፉ፣ እየሰበሩ፣ እንደገና እየሠሩ በ1960ዎቹ ዓመታት አዲስ ዓይነት ጀልባ ፈጠሩ። ዛሬ የባሕር ጠባቂም ሆነ ወታደር የሚነዳው፣ ወለሉ ጠንካራ ጎኑ የሚነፋ ጀልባ ከእነሱ ወርክሾፕ የወጣ ነው። ሆር መብቱን ለሕይወት አድን ድርጅቱ በአንድ ፓውንድ ሸጠ። በ1972 ሥራ የጀመረው የድርጅቱ ጀልባም «አትላንቲክ 21» ተባለ። ሜዲትራኒያንን በጀልባ የተሻገረ ወገን ያለው አንባቢ፣ ነፍስ ሊያድን የመጣው ጀልባ ምን ይመስል እንደነበር ይጠይቀው።

ሴቶች የገቡት በ1967 ነው፤ መዘግየቱ አያስመሰግንም። በ1971 ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝን ፈተና ሙሉ በሙሉ ትቶ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ወደሆነው ኢንተርናሽናል ባካሎሬት (አይቢ) ዞረ፤ ከዓለም የመጀመሪያው ነበር። አዲስ አበባ ላይ አይቢ የሚማሩ ልጆች «አገልግሎት» የሚባል ሰዓት ለምን እንደሚሞሉ ካልገባቸው፣ አንዱ ሥሩ ከዚያ የባሕር ዳርቻ ይመዘዛል። ከዚህ አንድ ግንብ የተወለደው የዩናይትድ ወርልድ ኮሌጆች ቤተሰብ ዛሬ በአራት አህጉሮች 18 ደርሷል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ነቀፋዬን ልደብቅዎ አልችልም። ሌኦኖር ለሁለት ዓመት የተከፈለላት 67,000 ፓውንድ ገደማ ነው። ብዙ ተማሪ በነጻ ወይም በከፊል ዕርዳታ እንደሚገባ እውነት ነው፤ በየአገሩ ያሉ ኮሚቴዎችም በችሎታ ይመርጣሉ። ሆኖም ልዕልትና ስደተኛ በአንድ መኝታ ክፍል ማደራቸው ሲወራ፣ ሁለቱ ከግንቡ ሲወጡ ወዴት እንደሚሄዱ አብሮ መወራት አለበት። ሃን ያለመው ለወዳጅነት ነበር፤ ወዳጅነት ደግሞ ከምረቃ በኋላም ትኬት ያስፈልገዋል።

ለእርስዎ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። አዲስ አበባም ይሁን ሌላ ከተማ፣ ቤስ ዘንድ የሠራ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ካለዎ፣ ጡረታ የወጣ ጸሐፊም ይሁን መጋዘን ጠባቂ፣ ሌጦ መራጭም ይሁን ሾፌር፣ እባክዎ ቁጭ ብለው ይጠይቋቸው። ሌጦው በስንት ደረጃ ይከፈል ነበር? ደሞዙ ስንት ነበር? ፈረንጁ አለቃ በምን ቋንቋ ያዝዝ ነበር? ደርግ ሲመጣ መጋዘኑ ለማን ተላለፈ? የነገሩዎትን በስልክዎ ይቅዱት፤ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ የሠሩበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይጻፉበት። የእንግሊዞቹ መዝገብ የሴንት ዶናትስ ጣሪያ ከየት እንደመጣ ያውቃል። የጎደለው የእኛ ወገን መዝገብ ነው፤ እሱን ሊያስጽፉ የሚችሉት ሽማግሌዎች ደግሞ እያነሱ ነው።