ሱዳን የጠየቀችውን እኛም እንጠይቃለን!

ጉለሌ ተወልዶ ያደገ የእኔ እድሜ ልጅ ዋና የሚማርበት ቦታ ሁለት ነበር። አባቱ ደህና ደሞዝ ያለው ከፍሎ ጊዮን ሆቴል ገንዳ ይገባል። እንደ እኔ ያለው የሸማኔ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ፎርፎ ገፈርሳ ይወርዳል። ከዊንጌት ተነስተን፣ አስኮን አልፈን፣ ቡራዩን አቋርጠን፣ ግማሹን በእግር ግማሹን ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን እንደርስና ልብሳችንን ባህር ዛፍ ሥር ጥለን ዘለን እንገባለን።

አንድ ቀን ልሞት ነበር። የያዘኝ ውሃው አይደለም፤ ጭቃው ነው። ከዳር ሲያዩት ጉልበት የማይደርስ የሚመስለው ቦታ ሥሩ ደለል ነው፤ እግሬን እስከ ጭኔ ዋጠው። ጓደኞቼ የምቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ያወጣኝ ከብት ሲጠብቅ የነበረ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የዱላውን ጫፍ ዘርግቶልኝ። ካወጣኝ በኋላ በኦሮምኛ የሰደበኝን ስድብ ዛሬም አልረሳሁትም። ይገባኝ ነበር።

ነገሬ ወዲህ ነው። ገፈርሳ ሲባል ለብዙ አዲስ አበቤ ቶሎ ትዝ የሚለው የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያው ነው። ግድቡን የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። ይሁንና ይህ ግድብ በእኛ አቆጣጠር በ1930ዎቹ የተሠራ፣ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ነው። ለገዳዲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬ ደግሞ በ1990ዎቹ እስኪጨመሩ ድረስ ይህችን ከተማ ሲያጠጣ ኖሯል፤ ዛሬም የምዕራቡን ሰፈር ያጠጣል። ዳሩ ላይ ባለሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይሰማራል፤ ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የለም። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ደግሞ ከከተማው አየር ሊቀይር የሚወጣው ሰው አለ፤ ጥንዶቹ፣ ቤተሰቡ፣ ፎቶ አንሺው።

የሚይዘው ውሃ ከስድስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው። ሜትር ኩብ ለማይገባን በጀሪካን ላስላው። ወረፋ የምንይዝበትን ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሰዱ። ሦስት መቶ ሚሊዮን ጀሪካን ማለት ነው! ይህ ሁሉ ውሃ ከከተማይቱ በላይ፣ በአምቦ መንገድ ዳር ተንጣሎ ተኝቷል። ሲሞላ የሚተርፈው ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል በሰፈር መሐል ቁልቁል ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል። አክስቴ ቤቷ ከአስኮ ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር ነው።

ግድብ ነገ ይፈርሳል እያልኩ ሟርት የማሟርት አይምሰላችሁ። የግድብ አደጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መፍረስ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ሰፈር ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው በየዓመቱ ያለ ነው፤ ክረምት ሲከር ውሃው ይሞላል፣ በማስተንፈሻው ይፈሳል ወይም በር ተከፍቶ ይለቀቃል። ይህን ማድረግ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ካልተለቀቀ ነው ጉዱ። የአፈር ግድብ ከሆነ በአናቱ የሚያልፈው ውሃ አፈሩን እየበላ ይንደዋል። ስለዚህ ይለቀቃል። ጥያቄው ሲለቀቅ ታች ያለው ሰው ያውቃል ወይ ነው።

ያለፈው ነሐሴ ከከተማችን የመጠጥ ውሃ ግድቦች ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ያነጋገረኝ ዘበኛ የሚበላው እንጀራ ከዚያ ነው። ውሃው ሊፈስ ጥቂት ቀርቶታል። ከዳሩ አንድ ሚኒባስ እየታጠበ ነው። ሁለት ሕፃናት ግንቡ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ቆሎ ይበላሉ፤ እናትዬው ፎቶ ታነሳቸዋለች።

«አባባ፣ ይሄ ሲሞላ ታች ላለው ሰው ማን ይነግረዋል?» አልኳቸው።

«ሬዲዮ ይናገራል» አሉኝ።

«ሬዲዮ የሌለውስ?»

ዘበኛው ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ልጄ፣ ውሃው ራሱ ይነግረዋል» አሉ። ቀልደው አልነበረም።

እውነት ነው፣ በየክረምቱ ግድቦች ሞልተዋልና በወንዝ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ የሚል ማስታወቂያ እንሰማለን። ግን «ተጠንቀቁ» ማለት ምን ማለት ነው? በስንት ሰዓት? ውሃው እስከ የት ይደርሳል? ልጆቹን ይዘን ወደ የትኛው ከፍታ እንውጣ? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ የወረደው ድንገተኛ ጎርፍ ሰባት ሰዎች ገድሏል። ያ የዝናብ ጎርፍ ነበር፤ ግድብ አልነበረበትም። በዚያ ላይ የግድብ ውሃ ቢጨመርበት ምን ይሆን ነበር ብሎ መጠየቅ ጠላትነት አይደለም።

ስለ ሩቅ አገር ልንገራችሁ። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ ለእንቁጣጣሽ በግ ስናማርጥ፣ ሊቢያ ውስጥ ደርና በምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ ላይ የነበሩ ሁለት ግድቦች በአንድ ሌሊት ተናዱ። ብዙ ሺህ ሰው ከነቤቱ ባህር ገባ። ግድቦቹ ስንጥቅ እንዳለባቸው አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ለጥገናም ገንዘብ ተመድቦ ነበር። ጥገናው ግን አላለቀም። በዚያች ሌሊት ከቤታችሁ አትውጡ የተባሉ ሁሉ ነበሩ! ሊቢያ ጦርነት ላይ ነበረች የሚል ካለ ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ይሂድ። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሶላይ በሚባል ቦታ የአንድ የግል እርሻ ግድብ በሌሊት ተደርምሶ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ጨርሷል። ያ ግድብ ትልቅ አልነበረም። ከበታቹ ሰው መተኛቱ ነው ትልቅ ያደረገው።

አሁን ወደ እኛ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ይለማል ተባልን። ግንቦት ላይ ለአንድ ሰው አምስት ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተበላ። በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ጉለሌም የመናፈሻ አገር ሆነች። መናፈሻ እጠላለሁ የሚል ውሸታም ነው፤ እኔም ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ወንዝ ዳር የነበሩ ድሆች ተነስተው የት እንደገቡ ለሌላ ሳምንት ላቆየው። ዛሬ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በገንዘባችሁ ወደ ወንዝ ዳር ከጠራችሁት፣ ወንዙ ሲቆጣ እንዴት እንደሚወጣ ማስተማር የማን ሥራ ነው?

ለምሳሌ ወንዝ ላይ ለውበት የሚሠራው ዝቅ ያለ የድንጋይ ግድብ፣ ያ ውሃው እንደ መጋረጃ የሚወርድበት፣ ሲያዩት የዋህ ነው። ነገር ግን ወንዙ ሲሞላ ከላይ የወደቀው ውሃ ከሥሩ ዞሮ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል። የገባውን ሰው ወደ ግድቡ መልሶ እየሳበ ያሰምጠዋል፤ ጎበዝ ዋናተኛም አያመልጠውም፤ ሊያወጣው የዘለለውም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ የሚወረወር ገመድ ወይም ረዥም ዘንግ በአቅራቢያው ይሰቀላል። የእኔን ነፍስ ያተረፈው የእረኛ ዱላ ነው። ዱላ ስንት ብር ነው?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከጉለሌ ሰዎች ጋር ሆኜ ጨፍሬያለሁ፤ ቦንድ የገዛሁበት ነው። በዚያ ድርድር ሁሉ ሱዳን ስትጠይቅ የኖረችውን ልብ በሉ። ሮዘሬስ የሚባለው ግድቧ ከእኛው በታች በመቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነውና፣ ስንት ውሃ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ መረጃው በጊዜው ይድረሰኝ፣ የግድቡ ደህንነትም ይረጋገጥልኝ አለች። ባለሥልጣኖቻችንም ግድቡ አስተማማኝ ነው፣ መረጃም እንለዋወጣለን እያሉ መለሱ። ደግ! ከበታች ያለ ሰው የመጠየቅ መብት አለው ማለት ነው። ታዲያ ይህ መብት ለካርቱም ሲሆን የሚሠራ፣ ለአስኮ ሲሆን የማይሠራ ነው? አክስቴ ፓስፖርት ማውጣት አለባት እንዴ?

በዚህ ላይ የአስተዳደር ጣጣ አለ። አዲስ አበባን የሚያጠጡት ግድቦች ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ቡራዩም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆኗል። ውሃው የሚጠራቀምበት መሬት በአንዱ፣ ጠጪው በሌላው። ጎርፍ ግን የወሰን ድንጋይ አያነብም። ይህንኑ ለመጠየቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ «ይሄ የእኛ አይደለም፣ እነ እገሌ ጋ ነው» ተባልኩ። እነ እገሌ ጋ ስሄድ «ደብዳቤ ይዘህ ና» ተባልኩ። ደብዳቤውን የሚጽፈው የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ነው። አጃኢብ ነው!

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ግድቦቹ በባለሙያ ሲፈተሹ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገር። ውሃው ቢለቀቅ እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ በየወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሬዲዮው ሌላ በየወንዙ ዳር የሚጮህ ነገር ይተከል፤ ለስብሰባ ጊዜ በየሰፈሩ የሚዞረው ሞንታርቦ ለዚህም ሊያገለግል ይችላል። ግድብ ዳር ለሚዝናናው ደግሞ ከዚህ አትለፍ የሚል ምልክት በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍለት።

ባለፈው እሁድ አክስቴ ዘንድ ቡና ስጠጣ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄን ጋዜጣ ላይ ከምትጽፍ ውሃው ሲመጣ በየት በኩል እንደምሄድ ለምን አትነግረኝም?» አለች። በግራ የጎረቤት ግንብ አለ፤ በቀኝ የኮንዶሚኒየም አጥር። አብረን ወጥተን ግቢውን ዞር ዞር ብለን አየን። በሩ ጀርባ አንዲት አሮጌ ቦርሳ ተሰቅላለች፤ የቤቱ ካርታ፣ የባሏ የጡረታ ደብተርና የልጆቿ የክርስትና ወረቀት አለባት። ከሐምሌ እስከ መስቀል ከዚያ አትወርድም።