ያበደ ውሻ ወይስ ኪኒን የዋጠ ውሻ?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንጽፈው ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ቦይ ጽዳትና ስለ ጥበቃ ገንዘብ እንደሆነ ይታወቃል። የዛሬው ግን ስለ ውሻ ነው። «ሰው ስንት ችግር እያለበት ስለ ውሻ ይጻፋል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ያንብብልንና ከዚያ በኋላ ይፍረድ።

በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በሰፈራችን ካሉት ግቢዎች በአንዱ የሚኖረው ቡቺ ድንገት ወደቀ። ቡቺን የማያውቅ ነዋሪ የለም። ሌሊት ሌሊት ከዘበኛው ጋር እየዞረ ስንት የሱቅ ቁልፍ ከመሰበር ያዳነ ውሻ ነበር። ጠዋት ጅራቱን ሲቆላ የታየው ውሻ በምሳ ሰዓት እግሩን እያንፈራገጠ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ ዓይኑ ተገልብጦ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወዲያው «አበደ! አበደ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ወጣቶቹ ዱላና ድንጋይ ይዘው ደረሱ። እውነቱን እንናገር ከተባለ እኛም የማኅበሩ ሰዎች እዚያው ቆመን ነበር። «ልጆች አስገቡ!» ብለን ጮኽን እንጂ «ቆዩ እስቲ፣ ምን ሆኖ ነው?» ያለ ከመካከላችን አልተገኘም። ውሻው ተደብድቦ ሞተ። ሊጎትተው የሞከረ አንድ ልጅም እጁን ተነከሰ።

ማታ የግቢው ዘበኛ አባባ ከቆርቆሮው ሥር የቡቺን መኝታ ሲጠርጉ በጥርስ የተቦጫጨቀ የኪኒን እሽግ፣ ያንን ብርማ ወረቀት፣ አገኙ። አንድም ፍሬ አልቀረበትም። በማግሥቱ ይዘነው መድኃኒት ቤት ሄድን። ባለሙያዋ ጽሑፉን አንብባ «ይህ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው፤ ለሰው ፈውስ ነው፣ ለውሻ ግን መርዝ ነው» አለችን። እኛም ዝም ብለን ተመለስን። ምን እንላለን?

በዚያ ግቢ አሥራ አንድ አባወራ ይኖራል። ኪኒኑ የማን እንደሆነ አልጠየቅንም፤ አንጠይቅምም። እናንተም እንዳትጠይቁ አደራ እንላለን። ለባለቤቱ ግን አንድ ነገር መንገር አለብን። ኪኒንህ ወይም ኪኒንሽ ከጎደለ «ቀረ» ተብሎ አይተውም። መድኃኒቱ በነፃ የሚሰጥ ስለሆነ ወደምትከታተሉበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ጠፋብኝ» ብትሉ ምትክ የሚሰጠው ሰው ያነጋግራችኋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው አሠራር 6 ወር ነው፤ መሐል ላይ ካቋረጡት በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል። ዱሮ ታማሚ ሲባል እንጦጦ ሥር ወዳለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ይወሰድና ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ቤቱ ሆኖ፣ ሥራውን እየሠራ የሚድንበት በሽታ ነው። እንዲህ ከሆነ ኪኒኑን ፍራሽ ሥርና አጥር ሥር የሚያስደብቀን ምንድን ነው? የጎረቤት አፍ ነው። ይህንን ስንል ራሳችንንም ጨምረን ነው።

አሁን ወደ ውሻው ጉዳይ እንመለስ። በዚያ እሽግ ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች አንዱ አይሶኒያዚድ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለውን ሰው ከሞት ያዳነ ነው። የሰው ጉበት ይህን መድኃኒት በራሱ መንገድ ለውጦ ያስወግደዋል። ውሻ ግን ያ መንገድ የለውም። ስለዚህ መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ይቆይና የቫይታሚን ቢ 6ን ሥራ ያሰናክላል፤ አንጎልን የሚያረጋጋው ነገር ይጎድላል። ውሻው ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ራሱን ይስታል። ይህም ከዋጠ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የእንስሳት ሐኪም ቶሎ ከደረሰለት ያንኑ ቫይታሚን ቢ 6 በመርፌ ሰጥቶ ሊያተርፈው ይችላል። ቡቺ ያንን ዕድል አላገኘም፤ በእኛ ምክንያት።

የቲቢ መድኃኒት ብቻ አይደለም። ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞል በብዛት ከሆነ የውሻን ጉበት ያቃጥላል፣ ደሙንም ያበላሻል፤ ድዱ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቱ ያብጣል። ድመት ደግሞ ከውሻም ትብሳለች፤ አንድ ፍሬ የ500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሊገድላት ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ እነዚያ ለወገብና ለጉልበት የምንገዛቸው፣ የውሻን ጨጓራ አቁስለው ደም ያስታውኩታል፣ ዓይነ ምድሩን እንደ ሬንጅ ያጠቁሩታል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ክፋታቸው ምልክቱ አንዳንዴ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ መታየቱ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ከኪኒኑ ጋር አያገናኘውም። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ የውሻውን ስኳር አውርዶ ይጥለዋል። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረት ኪኒንም ለውሻ አደገኛ ነው። ለሕፃን ልጅም ጭምር፤ ከረሜላ ይመስላልና።

«ውሻ ምን አግኝቶ ኪኒን ይበላል?» ትሉ ይሆናል። ይበላል። ውሻ አላምጦ የሚያጣጥም ፍጡር አይደለም። ኪኒኑ በስኳር የተለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ፌስታሉ ውስጥ አብሮት ዳቦ ሊኖር ይችላል። ደግሞም በእኛ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት መኝታም ማዕድ ቤትም ዕቃ ቤትም ነው። መድኃኒቱ የት ይቀመጥ? ምስማር ላይ በፌስታል፣ መስኮት ላይ፣ ትራስ ሥር ነው የሚቀመጠው። ከቤት ሲወጣም እንዲሁ ነው። ጊዜው ያለፈበት ኪኒን ገንዳ አጠገብ ይጣላል፤ የሽሮፕ ጠርሙስ ከነትራፊው ለቆራሌው ይሸጥና ምናለሽ ተራ ይደርሳል። በየመንገዱ ያንን የሚልስ ውሻ አለ፣ የሚያነሣ ልጅም አለ።

ሌላው ችግራችን ለወደቀ ውሻ ሁሉ ሁለት መልስ ብቻ መያዛችን ነው። አንደኛው «አብዷል»። ሁለተኛው «መርዝ ተበትኖ ነው» የሚለው ነው፤ በከተማችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስትሪክኒን በሚባል መርዝ ማስወገድ የቆየ አሠራር ስለነበረ ይህ መልስ ከየትም አልመጣም። ሁለቱም መልሶች ግን ጥፋቱን ከደጃችን ውጭ ያደርጉልናል። በገዛ ፍራሻችን ሥር የሚፈልግ የለም።

ይህን ስንል የእብድ ውሻ በሽታን አትፍሩ ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም በጣም ፍሩት። አንዴ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ መዳኛ የሌለው በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ ያበደ ውሻ በቀናት ውስጥ ጠባዩ እየተለወጠ ይሄዳል፤ ከቤቱ ይኮበልላል፣ ያገኘውን ይናከሳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ መንጋጋው ይወድቃል። ኪኒን የዋጠው ግን ደህና ሆኖ ቆይቶ ድንገት ነው የሚወድቀው። ይሁን እንጂ በዓይን አይቶ በእርግጠኝነት የሚለይ ሰው የለም። ስለሆነም በሁለቱም ረገድ የሚደረገው አንድ ነው። ልጆችን ማራቅ፣ በሩን ዘግቶ ውሻውን መነጠል፣ እጅን ወደ አፉ አለማስጠጋት፣ የእንስሳት ሐኪም መጥራት። ዱላ ግን አያስፈልግም። ሰው ተነክሶ ከሆነ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የነከሰው ውሻ ካልተገደለ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ ከሞተም ጉለሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አንጎሉ ይመረመራል። የቡቺ ጭንቅላት ግን በድንጋይ ደቅቆ፣ ሬሳውም በዚያው ዕለት ተጥሎ ስለነበረ የሚመረመር ነገር አልቀረም። በዚህ የተነሣ የተነከሰው ልጅ የክትባት መርፌውን ሙሉውን እንዲወጋ ግድ ሆነ፤ እናቱም ሥራዋን እየተወች አመላለሰችው። የቡቺ ክትባት በየዓመቱ ቢታደስና ወረቀቱ በዘበኛው እጅ ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ቢያንስ አንድ ሰው «ቆዩ» ባለ ነበር።

ውሻችሁ ኪኒን መዋጡን ካወቃችሁ ወተት ጋቱት፣ ጨው በጥብጡለት፣ ከሰል ፈጭታችሁ ስጡት የሚላችሁን አትስሙ። ወተት ማርከሻ አይደለም። ጨው ራሱ ይመርዛል። የምድጃ ከሰልም ሐኪም የሚሰጠው ዓይነት ከሰል አይደለም። የሚንቀጠቀጥ እንስሳ አፍ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሁሉ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። እሽጉን ይዛችሁ፣ ስንት ፍሬ እንደጎደለና በስንት ሰዓት እንደሆነ አስባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሩቅ ነው። በቅርብ ያለውን ሐኪም ስልክ ዛሬውኑ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ።

የማያስፈልግ ኪኒን ሲኖር መጀመሪያ መድኃኒት ቤት ጠይቁ። የሚቀበል ካልተገኘ ከእሽጉ አውጥታችሁ ከአመድ ወይም ከቡና አተላ ጋር ለውሱት፤ በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ጠርሙስ ለቆራሌ ከመሸጡ በፊት ይታጠብ።

በእጅ ላለው መድኃኒት ደግሞ ማኅበሩ ክዳናቸው የሚጠብቅ የዱቄት ወተት ጣሳዎች ሰብስቦ አጥቦ አስቀምጧል። ዘወትር ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ መልስ ከጽሕፈት ቤቱ መውሰድ ይቻላል። ክፍያ የለውም። ስም አይመዘገብም፤ ምን ልታስቀምጡበት እንደፈለጋችሁም አንጠይቅም።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት